ቱሚራህ የገዛችው ተዳፋት

ቱሚራህ ጉልምስናዋን በሰው አገር የጨረሰች ሴት ናት። ሪያድ ውስጥ የሰው ሽማግሌ ስታጥብ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ፣ ማታ ማታ መስኮት በሌላት ክፍል ስትተኛ ኖረች። እዚያች ክፍል ውስጥ ሆና የምታልመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በራፉ ላይ ቆማ አረንጓዴ የምታይበት የራሷ ቤት። ጃቫ ተመልሳ ባሏ ዋጊማን ሲዳሉህ ላይ የሚሸጥ ቤት አለ ሲላት፣ ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ሄደ።

ሲዳሉህ ከተራራው ወገብ የተንጠለጠለች መንደር ናት። ቤቶቿ እንደ ደረጃ የተሠሩ ናቸው፤ የአንዱ ግቢ ከሌላው ጣሪያ በላይ ነው። ከላይ ድሮ ጫካ የነበረው አናት ጎመንና ድንች ተዘርቶበታል። ቱሚራህና ዋጊማን የቆላ ሰዎች ስለነበሩ የጫካውን ዘመን አያውቁም። ዋጊማን የሰው መኪና ላይ አሸዋ እየጫነ የሚኖር፣ ስለ ተራራ ከመንገዱ ጠመዝማዛነት በቀር የሚያውቀው የሌለ ሰው ነበር።

ሻጩ ፓክ ሱራጂ፣ ማለት አባት ሱራጂ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ነጭ ቆቡን ከራሱ የማያወልቅ ሽማግሌ ነው። ቤቱ ፊቱ የቲክ እንጨት፣ ጓዳው ሸክላ፣ ከጓሮው የዓሣ ኩሬ ያለው ነበር። የጠራው ዋጋ ግን የአንድ ያረጀ ሞተር ሳይክል ባለቤት እንኳ የሚደፍረው ዓይነት ነው።

«ፓክ ሱራጂ፣ ይህን የመሰለ ቤት መሸጥ እንዴት ጨከኑ?» አለችው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ወንዱ ልጄ ሱማትራ ሄዶ የዘይት ዘንባባ ተከለና ‹ና አብረን እንኑር› አለኝ። እርጅና የሚጠራው ወዳለበት ይሄዳል።»

የጓዳውን በር ልትዘጋ ብትገፋው አልገጥም አለ። ሱራጂ ሳቅ አለና፣ «ዝናብ ሲመጣ እንጨት ያብጣል፣ ሲደርቅ ወደ ቦታው ይመለሳል» አላት። ያን ጊዜ ዝናብ ከቆመ ሰንብቷል። እሷ ግን ይህን ያስተዋለችው ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። የኋለኛው ግድግዳ አዲስ ተለስኖ ኖራ መቀባቱንም ገዢን ለማክበር ያደረገው መሰላት።

ከመፈረሟ በፊት ግን አንድ ሰው ጠይቃ ነበር። ከግቢው ቀጥሎ የምትኖረው፣ ሰዉ ምባህ፣ አያቴ፣ የሚላት ሳኪየም ባሏ የሞተባት አሮጊት ነበረች፤ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አፍ የሚያቀላውን የቢትል ቅጠል ስታኝክ ትውላለች።

«ምባህ፣ ሰፈሩ እንዴት ነው?»

«ሰፈር ነው። ሰዉ ደግ ነው።»

«መሬቱስ?»

አሮጊቷ ቀዩን ምራቋን ራቅ አድርጋ ተፋች። «እኔ በሰው ገበያ አልገባም፣ ልጄ።»

ቱሚራህ ይህን ጨዋነት አድርጋ ወሰደችው፤ ቤቱንም ገዛች። እንደ አገሩ ወግ ሩዙን እንደ ተራራ አሹላ ከምራ፣ ዶሮ አርዳ፣ ጎረቤቱን ጠርታ ዱዓ አስደረገች። ሰዉ በላ፣ መረቀ፣ ቀልድ ተቀለደ። ሲወጡ ግን እያንዳንዱ በጓሮው በኩል ቀና እያለ ተዳፋቱን አይቶ ነበር የሚሄደው። እሷ ውበቱን የሚያደንቁ መሰላት።

ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ የሄደው ኩሬው ነው። አንድ ጠዋት ዋጊማን ዓሦቹን ሊቀልብ ቢወጣ ውሃው የለም፤ ዓሦቹ ጭቃው ላይ ይንፈራገጣሉ። ኩሬው አልተናደ፣ አልሞላ፣ አልፈሰሰ። መሬቱ ጠጥቶት ነው ያደረው። ቀጥሎ በቀርከሃ ቦይ የሚመጣው የምንጭ ውሃ ደፈረሰ። ከዚያ ከጓሮ ያለው የቀርከሃ ቁጥቋጦ፣ ሰው እንደተደገፈው ሁሉ፣ ወደ ቤቱ ማዘንበል ጀመረ።

በመጨረሻ የኋለኛው ግድግዳ ልስን ተላጠ። ቱሚራህ በማንኪያ ብትፍቀው ከሥሩ ሌላ ልስን አለ። እሱንም ብትፍቀው ሌላ። ኖራው አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ በእርጅና የጠቆረ ነበር። ከሁሉም በታች ስንጥቁ ከወለል እስከ ጣሪያ አፉን ከፍቷል። እጇን ብታስጠጋ ከውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። ማንኪያውን ጥላ ከጓዳው ወጣች።

ለሱራጂ ስልክ ደወለች። «ፓክ፣ ያውቁ ነበር?» ብቻ አለችው።

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ይሰማታል። «ልጄ፣ እኔም ከሰው ነው የገዛሁት» አላትና ዘጋው።

የመንደሩ ሹም ፓክ ቱክሪን ዘንድ ሄደች። ቱክሪን ቤቱ ከእሷ ቤት በላይ ያለ፣ ደንደን ያለ፣ ሲናገር ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ሰው ነው። በሁለቱ ቤቶች መካከል ሣሩ ሥር ተከፍቶ የተገኘውን የመሬት ስንጥቅ ሰዎች ሰብስቦ በአፈር አስሞላና አስረገጠ። «በቃ፣ ዝናብ አይገባም» አለ። ሌሎቹ ሲሄዱ እሷን አስቀራት።

«ስሚ ቱሚራህ። መሬት ሁሉ ይሰነጠቃል፤ የሰው ተረከዝም ይሰነጠቃል። አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ።»

«ተራራው እየሄደ እኮ ነው፣ ፓክ!»

«የት ይሄዳል? እግር አለው?» አለና ሳቁን ወዲያው ዋጠው። «እዚህ ያለ ሰው ሀብቱ ይህችው ቤቱ ናት። ዛሬ አንቺ ‹ሊናድ ነው› ብትዪ፣ ነገ ሁላችንም ለማኝ ነን። ገባሽ?»

ገብቷታል። ዋጊማንም ገብቶታል፤ እሱ የገባው ግን ሌላ ነው። አንድ ከሰዓት ሲሚንቶ ይዞ መጣና ግድግዳውን ይለስን ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«የሚደረገውን። ሱራጂ ሸጠልን፣ እኛም እንሸጣለን።»

«ለማን?»

«ለፈለገው! ያንቺ የሪያድ ዕድሜ ነው እኮ እዚህ የተቀበረው። እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ነሽ የሰው ሽማግሌ ሰገራ ስትጠርጊ የኖርሽው?»

ውሃ ቀድታ አቀበለችው፤ ሲሚንቶውን አቦካችለት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለውን ታውቃለች፤ ግን የተራበ ሰው ስለ አረም አያስብም።

ገዢዋ ብዙም ሳትቆይ መጣች። ዋሲያቲ ነበረች፤ ሪያድ ውስጥ ከጎረቤት ቤት የምትሠራ የነበረች፣ የቱሚራህ አሠሪዎች ምግብ የከለከሏት ጊዜ በአጥር ላይ ዳቦ በላስቲክ ጠቅልላ የምትወረውርላት ልጅ። እሷም ቤት ፈልጋ መመለሷ ነው። ቱሚራህን ስታይ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«ዩ ቱሚራህ! የኔ ታላቅ እህት! አንቺ የኖርሽበት ቤት ከሆነማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገዛው።»

ዋጊማን ስኳር የበዛበት ሻይ ይዞ ወጣ፤ እንዲህ ተግባቢ ሆኖ አታውቀውም። ዋሲያቲ ክፍሉን ሁሉ ዞረች፣ የቲኩን ምሰሶ ዳበሰች፣ ልጆቿን የት እንደምታስተኛ ተናገረች። ወደ ጓዳው ገባችና በሩን ገፋችው። አልተዘጋም።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው፣ ዩ?»

«ዝናብ ሲመጣ እንጨት…» አለች ቱሚራህ። የራሷ አፍ መሆኑን ተጠራጠረች። ቃሉ የሱራጂ፣ ልስላሴው የሱራጂ ነበር። ምናልባትም ከሱራጂ በፊት የነበረው ሰው። ዋጊማን ትሪውን እንደያዘ ቆሟል፤ ዓይኑ ይለምናታል።

ቱሚራህ ከጓዳው ጥግ መኮትኮቻውን አንሥታ ግድግዳውን መታችው። ያልደረቀው ልስን ተገንጥሎ ወደቀ።

«ነይ፣ እጅሽን እዚህ አድርጊ» አለቻት።

ዋሲያቲ እጇን አስገባች፣ ወዲያውም እንደተነደፈች መለሰችው። ከዚያ፣ «ልትሸጪልኝ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

ዋሲያቲ ሻይዋን ሳትቀምስ ወረደች። ዋጊማን ትሪውን መሬት አስቀመጠና፣ «አሁን ደስ አለሽ?» ብሎ አሸዋ ወደሚጭንበት መኪና ሄደ።

ወሬው ቆላውን አዳረሰ። ሲዳሉህ ላይ መሬት ሊገዛ ቀብድ አዘጋጅቶ የነበረ ሰው ሁሉ ቀረ። መንደሩ ቱሚራህን ፊት ነሳት። ባለሱቋ የተጠበሰው የአኩሪ አተር ቂጣ ፊቷ ተቀምጦ «አልቋል» ትላታለች። ሴቶቹ ስታልፍ፣ «መንገድ ልቀቁ፣ የሪያድ እመቤት መጣች፣ ተራራውን ልትንደው!» ይላሉ። ለሠርግ አልተጠራችም፤ ለለቅሶ ብትሄድ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ።

ዋጊማን መኪናው ውስጥ ሲያድር ሰንብቶ አንድ ማለዳ ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ መፈልቀቂያ ብረት ይዞ ጣሪያው ላይ ወጣ። «ቢያንስ እንጨቱን እናውጣ» አለ። በጃቫ የእንጨት ቤት ከነቤትነቱ ይፈታል፣ ይጓዛል፤ ያን ጊዜ መንደሩ በሙሉ ነው የሚሸከመው። ያን ቀን ግን ሰዉ ከየደጁ ቆሞ ያይ ነበር እንጂ አንድም እጅ አልተዘረጋም። ምሰሶውን ከመንገድ ያደረሱት ዋሲያቲ ከቆላ የላከቻቸው ወንድሞቿ ናቸው።

ቱሚራህ ለመጨረሻ ጊዜ ምባህ ሳኪየም ደጅ ቆመች።

«ምባህ፣ አብረውን ይውረዱ። አልጋ አለን።»

«ወርጄስ? ልጆቼ ጃካርታ ናቸው፣ ባሌ እዚህ አፈር ውስጥ ነው። ደጄን ማን ይጠርግልኛል?»

«ያን ቀን ስለ መሬቱ ስጠይቅዎት ያውቁ ነበር።»

አሮጊቷ ማኘኳን አቆመች። «ሱራጂ ጎረቤቴ ነበር፣ ልጄ። አንቺን ገና አላውቅሽም ነበር።»

ተራራው የመጣው ዓርብ፣ ወንዶቹ መስጊድ ሳሉ ነው። ቆላ ያለ ሰው ድንጋይ የጫነ መኪና ሲገለብጥ የሰማ መሰለው፤ መገልበጡ ግን አላቆመም። ጓዳው፣ ኩሬው፣ ቀርከሃው፣ የምባህ ሳኪየም ቤት አንድ ላይ ሆነው ወንዙ ድረስ ወረዱ። አሮጊቷን ፈልገው ፈልገው አላገኟትም። ቱሚራህ ከፈላጊዎቹ ጋር ስትቆፍር ዋለች፤ ከጎኗ የሚቆፍሩት ሴቶች ያን ቀንም አላናገሯትም፤ ውሃ ግን አቀበሏት።

ናዳው የጀመረው ከቱክሪን ደጃፍ ነው፤ ቤቱ ከጫፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ሣር በላዩ ሳይበቅል ቱክሪን ራሱ በወረደው እንጨት ቆላ ከገበያው ጀርባ ወደተሠራው ወደ ቱሚራህ ቤት መጣ። ስንጥር አልያዘም። ከጎናቸው የሚከራይ ቦታ እንዳለ ጠየቃት።

«ቦታስ አለ» አለችው። «የላዩ ቤትዎስ፣ ፓክ?»

«ሸጥኩት።»

«ለማን?»

ቱክሪን የሻዩን ብርጭቆ አሽከረከረ። «ከከተማ የመጡ ናቸው። ደጋ ይወዳሉ።»

ቱሚራህ ተነሣች። እየዘነበ ነበር። ዋጊማንን ሞተሩን አስነሣ አለችው፤ ወደ ሲዳሉህ ወጡ። ገዢው ዓይነ ብሩህ ወጣት ነበር፤ የነገረችውን ሁሉ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማት። ከዚያ ፈገግ አለ።

«እርስዎ ወይዘሮ ቱሚራህ ነዎት? ፓክ ቱክሪን እንደሚመጡ ነግሮኛል። መሬትዎ ስለሄደብዎ የሌላው ያንገበግብዎታል ብሎኛል። እናዝናለን።»

ከኋላው ሕፃን ያቀፈች ሚስቱ ቆማ ነበር። እሷ አልሣቀችም። ቱሚራህ ባለቀሰ ፊት ስትመለስ በዓይኗ ተከተለቻት፤ ቀጥሎም ቀና ብላ በጉም የተሸፈነውን አናት አየች። በዚያው ሳምንት ሕፃኗን ይዛ ወረደች፤ አሁን ገበያ ላይ ከቱሚራህ ጎን ሙዝ ትጠብሳለች። ባሏ ግን እዚያው ነው፤ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ጣሪያው ላይ ወጥቶ ክዳኑን ያስተካክላል።