የፍልሰታ ኪኒን

ታናሽ እህቴ ኦቲዝም አለባት። የምትከታተላት ነርስ «መድኃኒቱ ያረጋጋታል እንጂ ሰላምታ አያስተምራትም፤ እሱ የእናንተ ሥራ ነው» ስላለችን፣ ጠዋት ኪኒኗን ከቁርስ ጋር ስትውጥ ጠብቄ ጎረቤታችን አሮጊት ዘንድ እወስዳትና «እንደምን አደሩ» ማለትን አለማምዳት ነበር። ብዙ ከለፋን በኋላ እጇን መዘርጋት ጀመረች።

ፍልሰታ ሲገባ ግን እናቴ ኪኒኑን ከቅዳሴ መልስ አደረገችው። እህቴ ጠዋት ጆሮዋን ይዛ ስትጮህ ታረፍዳለች፤ ከሰዓት ዋጥ አድርጋ ትተኛለች። ልምምዱ ቀረ።

«እማ፣ መድኃኒት እኮ ጾም አያስገድፍም።»

«ኪኒኑስ ይሁን፤ የምትውጥበት ውሃስ?»

የንስሐ አባታችንን ለመንኳቸው። በዚያ በነሐሴ ዶፍ ዝናብ መጥተው፣ ዣንጥላቸውን በረንዳው ላይ አራግፈው፣ እናቴን «የውሃው ጣጣ በእኔ ይሁን። ቁርሷንም ስጫት» አሏት።

በማግስቱ ኪኒኑ በሰዓቱ ተዋጠ። ጥቂት ቀን አቆይቼ ወደ ጎረቤታችን ደጅ ወሰድኳት። አሮጊቷ እጃቸውን ሲዘረጉላት ከኋላዬ ተሸሽጋ ጃኬቴን ጨምድዳ ያዘች። ከመጀመሪያው ልንጀምር ነው።

«ነገም አምጣት፤ እኔ እንደሁ የትም አልሄድ» አሉኝ።

እሺ አልኩ። በጣም ደክሞኝ ነበር።