ወደ ሜዳው የዞሩ ከብቶች

ባለቤቴ መሸፈቱን የሰማሁት ወረታ ገበያ፣ ቅቤዬን በቅጠል ላይ ዘርግቼ ሳለሁ ነው። የአክስቱ ልጅ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። የምትገዛ መስላ ቅቤውን በጣቷ ነካ እያደረገች፣ «መሬቴን አላስለካም ብሎ ከቀያሾቹ ጋር ተጣላ። ጫካ ገብቷል። ተነሽ እቴ፤ እሱን ካጡ አንችን ነው» አለችኝ። ቅቤዬን ልጠቀልል ስጎነበስ የፖሊስ ጫማ አየሁ።

የዚያ ጊዜ ልማድ ነበር። የሸፈተው እጁን እስኪሰጥ ሚስቱ፣ እናቱ ወይም እኅቱ ትያዛለች።

የሴቶቹ ክፍል ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ስለነበር የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፤ እርጥበቱ በግድግዳው ሥር እየሰረገ ጥጉን ጭቃ አድርጎታል። ሁለት ሴቶች አገኘሁ። አንደኛዋ ልጃቸው የሸፈተባቸው ባልቴት ናቸው። ሁለተኛዋ በወንድሟ ምክንያት የተያዘች፣ ከጭቃው አጠገብ ብቻዋን የተቀመጠች ከሲታ ሴት።

«ወደዚያች አትጠጊ» አሉኝ ባልቴቷ ገና ሳልቀመጥ። «ደም ትተፋለች። መጠጫዋም ለብቻ ነው።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ሴትዮዋ። «ሳምባዬ አልቋል። ከብቶቼን ግን ከዚያው ሆነሽ ማየት ትችያለሽ።»

ከብቶቿ የጭቃ ነበሩ። ጥቁሩን ጭቃ ከመኝታዋ ጭድ ጋር ታሸዋለች፤ ሻኛውን በአውራ ጣቷ ታወጣለች፤ ቀንዱን በጥፍሯ ታሾላለች። ለነጩ የግድግዳውን ኖራ ትፍቃለች፣ ለዳለቻው አመድ ትነሰንሳለች። ሁሉም እቤቷ የተወቻቸው ናቸው። «ይቺ ቦቂት ናት፤ አላቢዋን ትራገጣለች። ይቺ ድማሚት፤ ሌላ ከብት ቀድሟት ውኃ ሲጠጣ አይሆንላትም። ያቺ አደይ።» ሳሉ ሲያጣድፋት ጭቃውን ጨብጣ ትቆያለች። ሲለቃት እጇን ከፍታ ጣቶቿ ያወጡትን ቅርጽ ታያለች፤ «ይኼ ለጥጃ ይበቃል» ትላለች።

ባልቴቷ ከሩቅ ሆነው ያርሟታል። «የአደይ ጡት አንሷል። የወለደች አትመስልም።»

«እሜቴ፣ ከዚያ ሆነው ነው የሚያልቧት?»

ባልቴቷ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መሳቃቸውን ከትከሻቸው አወቅሁ።

አንድ ቀን በጸሎቴ ላስባት ፈልጌ የክርስትና ስሟን ጠየቅኋት። ባልቴቷ ቀደም አሉ። «ተይ! ያ አሥር አለቃ ከበር ሥር አይጠፋም። ስምሽን ይዞ መተተኛ ቤት ይሂድልሽ?» እሷም ፈገግ አለችና፣ «ስወጣ እነግርሻለሁ» አለችኝ።

የሚጠብቀን አሥር አለቃ ሰላምታው አንድ ነው። በሩን ከፍቶ ወደ እሷ እያየ፣ «ዛሬም አልሞትሽም?» ይላል።

«ከብት እየጠበቅሁ ነው ጌታው» ትለዋለች።

ነሐሴ ሲያልቅ ዝናቡ ሳሳ። በእኛ አገር ውኃ ሜዳውን ሲሞላው ከብቱ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ውኃው ሲጎድል ደግሞ ለሣሩ ይወርዳል። እሷም የከብቶቿን ግንባር ከጥጉ ወደ በሩ አዞረች። «እኔ ባልደርስ እንኳ ሲወርዱ ልይ» አለችን። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ በሩ ታስጠጋቸው ጀመር።

አሥር አለቃው የሜዳ ሰው አልነበረም። በሩን ሲከፍት ቀንዱ ሁሉ ወደ እሱ ዞሮ አገኘው። እዚያው ደፉ ላይ ደረቀ።

«ለካ ሰሞኑን ሆዴን የሚቆርጠኝ ካንች ነው! መተት ነው ይኼ።»

«ከብት ነው።»

«ታዲያ ወደ እኔ ምን አዞረው?»

«ወደ ሜዳው ነው የዞሩት። እርስዎ መካከል ቆሙ እንጂ።»

ፊቱ ጠቆረ። ወደ ባልቴቷ ዞሮ፣ «አንች አሮጊት፣ ተነሽ ርገጪው!» አለ።

ባልቴቷ ተነሡ። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አንዲቱንም ሳይነኩ በከብቶቹ መካከል አለፉና ከበሽተኛዋ ጎን ተቀመጡ። ከመጣሁ ወዲህ ሲጠጓት አይቼ አላውቅም። «መተት ነው ካልህ አንተ ርገጠው ልጄ» አሉት። «እኔ የሰው ከብት አልረግጥም።»

እግሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ወጥቶ ሄደ፤ ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዞ ተመለሰና ከብቶቹ ላይ ደፋው። እሳት ያልነካው ጭቃ ነው። መጀመሪያ ቀንዶቹ ሄዱ። ከዚያ የቦቂት ግንባር ነጩ ታጠበ። «በሉ አሁን ይውረዱ» ብሎ በሩን ዘጋው።

በሽተኛዋ ረጅም ሳል ሳለች። ሲለቃት ጭቃውን ወደ ራሷ ሰብስባ ማሸት ጀመረች። ባልቴቷ የገዛ መጠጫቸውን አንሥተው አጠጧት፤ የተረፈውንም እሳቸው ጠጡት።

«እንግዲህ የአደይን ጡት አስተካክይው» አሏት።

«እሺ እሜቴ።»

አደይን ግን አልጨረሰቻትም፤ የደረሰላት አንድ ጥጃ ነው። ወደ በሩ አዞረችው። ከመስቀል በፊት በቃሬዛ አወጧት፤ ጎንደር ሐኪም ቤት ነው ተባለ። ስትወጣ አፏን በነጠላ ሸፍነውት ነበር። መሞቷን የነገረን አሥር አለቃው ነው። «ያች ባለሳል አረፈች» አለና በሩን ዘጋ። የዚያን ቀን ምንም አላሾፈም።

ባለቤቴ እጁን ሲሰጥ ተፈታሁ፤ ኋላም አገር ለቀን ወጣን። አሁን ጅማ ነኝ። በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን ለሙታኖቼ ጸሎት ሳስደርግ፣ ስለ እሷም አስቡልኝ እላለሁ። ቄሱ ጠጋ ብለው፣ «ወለተ ማን ልበል?» ይሉኛል። «አላውቀውም» እላቸዋለሁ። «ግድ የለም፣ እሱ ያውቃታል» ይሉኛል። እንደሚያውቃት አምናለሁ። ነገር ግን ስሟ በቤተ ክርስቲያን ሲጠራ አንድ ጊዜ ብሰማ እወድ ነበር።

ስለዚህ በዚያ ክረምት ወረታ የታሰራችሁ፣ ቃሬዛውን የተሸከማችሁ፣ ጎንደር ከአልጋዋ አጠገብ የነበራችሁ ሁሉ፣ አንተም አሥር አለቃ በሕይወት ካለህ፣ የክርስትና ስሟን የሰማ ይንገረኝ። ቦቂትን አውቃለሁ። ድማሚትንም አደይንም አውቃለሁ። የቀረኝ የእሷ ብቻ ነው።