እንስሳ ያልገባበት አኳሪየም

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አክሶሎትል የሚባል፣ ዓሣ የሚመስል ግን እግር ያለው የውሃ እንስሳ ሊልክልኝ ቃል ገባ። እኔም እዚሁ ሶዶ የብረት በርና መስኮት ከሚሠራ ሰው ዘንድ መስታወት አስቆርጬ አኳሪየም አሠራሁ። አሸዋና ድንጋይ አድርጌ ውሃ ሞላሁበት። ወንድሜ ግን ደውሎ፣ «እንስሳው ሳይገባበት ውሃው አንድ ወር ይቀመጥ፤ አለዚያ ይሞትብሻል» አለኝ። ንጹሕ ውሃ ምን እስኪሆን ነው የሚጠበቀው? ምንም አልገባኝም፤ ግን ጠበቅሁ።

የቸገረኝ እንግዳው ነው። ቤቴ የመጣ ሁሉ መስታወቱ ፊት ይጎነበሳል። «ገና ነው፣ ምንም የለበትም» ብል ማን ይስማኝ! የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ «አየሁት፣ ከድንጋዩ ሥር ተደብቋል፤ የጌታ ሥራ!» አሉ። ከአረካ የመጣችው አክስቴ ደግሞ ጭራውን አይቻለሁ ብላ ድርቅ አለች። በኋላ እኔው ራሴ ከሥራ ስገባ ድንጋዩን እያነሳሁ ማየት ጀመርኩ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ወንድሜ ደውሎ እንስሳውን ሊሸጥለት የነበረው ሰው ሐሳቡን ቀየረ አለኝ። ተናድጄ ውሃውን በባልዲ እያወጣሁ ግቢ ውስጥ ስደፋ፣ በዕድሜ የገፉት ጎረቤቴ በአጥር በኩል አዩኝ። ወዲያው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እጄን ይዘው፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ። «አሜን» አልኩ።

እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ሁለቱም ናቸው የሞቱት?» ብለው ጠየቁኝ።

እኔ የማውቀው አንዱን ብቻ ነበር።