መርፌ የሌለው ሲሪንጅ

ከባቲ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። መኪናው አስፋልቱ ዳር ቆሞ ጥሩንባውን ያስጮኻል፣ እኔ የአምስት ወር ልጄን አንዋርን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ አጥሚት እግተዋለሁ። «ጋቺውና ሂጂ፤ ሆዱ ከሞላ አይፈልግሽም» ያለችኝ እናቴ ናት። አገር ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ መዳፍን ጎድጎድ አድርጎ አፉ ላይ መድፋት ነው፤ ልጁ ቢያለቅስም ለመተንፈስ ሲል መዋጡ አይቀርም። አንዋር ትን አለው፣ ሳለ፣ ደክሞት ተኛ። ሳምኩትና ሮጥኩ።

ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን የጋላፊን መንገድ አላወራችሁም፤ ሙቀት ነው፣ አቧራ ነው፣ ከዚያ እንደገና ሙቀት ነው። ጅቡቲ የቧንቧው ውሃ ራሱ ለሻይ ግማሽ መንገድ ፈልቶ ነው የሚወርደው። ጠዋት ረጅም ዳቦ፣ ማታም ያው ረጅም ዳቦ። ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር አንዲት ፈረንጅ ቤት በሠራተኛነት ገባሁ። ማዳም በቀቀን ታረባለች። የኔ ክፍል ቬንቲላተር፣ ማራገቢያ እንኳ የለውም፣ የበቀቀኖቹ ክፍል ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ሲበዛብኝ እነሱ ጋ ገብቼ አለቅሳለሁ።

ስድስት ወር ሲሞላኝ ኮንጄ ጠየቅኳት፤ ፈቃድ ማለት ነው። በዚያው ሰሞን እናቲቱ በቀቀን ሞታ ሦስት ላባ ያላበቀሉ ጫጩቶች ቀርተው ነበር። «ራሳቸው መብላት ሲጀምሩ ትሄጃለሽ» አለችኝ ማዳም፤ «አንቺ ልጅ ወልደሻል፣ ታውቂበታለሽ።» ልጄን ማየቴ በነዚያ ራቁት ፍጥረቶች ላይ ተንጠለጠለ።

ምግባቸውን የምሰጥበት አንድ ትልቅ ሲሪንጅ ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ጫጩት እምቢ ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔም የማውቀውን አደረግሁ፤ ራሱን ያዝኩና ገፋሁ። የሲሪንጁ ጎማ በፍል ውሃ ታጥቦ አብጦ ኖሮ አልሄድ አለኝ፤ ጠበቅ አድርጌ ስገፋው ድንገት ተስፈነጠረ። ምግቡ በአፍንጫው ወጣ፤ ጉሮሮው ኩርር፣ ኩርር አለ። መዳፌ ላይ እንደሞቀ ሞተ።

ማዳም አለቀሰች። የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቀበረችው፣ ሻማም አበራችለት። አባቴ ሲሞት «ምሳውን ከጨረስሽ በኋላ አልቅሺ» ያለችኝ ሴት ናት! በማግስቱ ጥሩ ሲሪንጅ መርጬ እንድመጣ ቡላኦስ ሰፈር ፋርማሲ ላከችኝ።

ፋርማሲው ያለው ሰውዬ አዲስ አበባ የተማረ ጅቡቲያዊ ነው፤ አማርኛው ከኔ ይሻላል።

«ለልጅ ነው?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ዕድሜው?»

«ሃያ ቀን።»

«ኪሎውስ?»

«ኪሎ የለውም። መቶ ግራም ቢሆን ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እህቴ፣ ታዲያ ሐኪም ቤት አትወስጂውም? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የወፍ ልጅ ነው።»

ከኋላዬ ተራ የያዙ እናት በሶማሊኛ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁት፤ ተረጎመላቸው፤ ፋርማሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሳቄ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ሰውዬው ደንግጦ ያለውን ሲሪንጅ ሁሉ ደረደረልኝ፣ መሞከሪያ ውሃም በኩባያ ሰጠኝ። አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ትልቁ ተስፈነጠረ፤ የዚያ ገዳይ ሲሪንጅ ወንድም ነው። ሁለተኛው ጫፉ ስል ነው፤ ለስላሳ አፍ ይቧጥጣል። የአምስት ሚሊዋ ግን ያለ መርፌ፣ ጫፏ ድቡልቡል፣ ስገፋት ሳትንቀጠቀጥ ጠብ፣ ጠብ አለች።

«ትንሿ ትሻላለች» አለኝ። «ብትሳሳቺ እንኳ ብዙ አትገፊበትም። ራሱን እየነቀነቀ ሲጠይቅሽ ብቻ ስጪው። በግድ የተገፋ ምግብ ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው።»

«ወፍ ብቻ ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«የሰውም ልጅ ያው ነው። መጀመሪያ ሳል ብቻ ይመስላል።»

እናቴ ከመጣሁ ጀምሮ በስልክ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሳሉ አልለቀው አለ፤ ዓይን ነው መሰለኝ።» የትንሿን ሲሪንጅ ከፍዬ፣ የገንዘቡን መልስ ሳልቀበል ወጥቼ ሚኒባስ መቆሚያው ላይ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አንዋርስ?»

«አለ፣ አብሽሪ። ትንሽ አተኩሶት እህል እምቢ አለኝ እንጂ። ይኸው እየጋትኩት ነው።»

በስልኩ ውስጥ አንዋርን ሰማሁት። ያ ጫጩት ከመሞቱ በፊት ያሰማው የጉሮሮ ድምፅ ነው።

«እማዬ ተይው! እጅሽን አንሺ!»

«ምነው? ካልበላ በምን ይድናል?»

«ሳንባው ይገባል! ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው፣ ሲፈልግ ብቻ በማንኪያ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው!»

ቀስ ብላ፣ «አንቺንስ በዚሁ እጄ አይደል ያሳደግኩሽ?» አለችኝ። ስልኩ ተቋረጠ።

ቤት ተመልሼ የቀሩትን ሁለቱን ጫጩቶች አበላኋቸው። ጠበቅኋቸው፤ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ጠብ አደረግሁላቸው፣ ሲያቆሙ አቆምኩ። አንዲትም ጠብታ ሳያፈሱ ጠግበው ተኙ። ማዳም በር ላይ ቆማ እያየች «አንቺ እውነተኛ እናት ነሽ» አለችኝ። «ራሳቸው እስኪበሉ ገና አምስት ሳምንት ይቀርሻል» አለች።

እናቴ ጋ ከደወልኩ ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ይህን የምታነቡ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ የምትወጡ ካላችሁ፣ እባካችሁ እናቴ ዘንድ ጎራ በሉልኝ። «ዘይነብ እጅሽን አንሺ ብላለች» በሏት። እንዳትቆጧት፤ እኔም ከሷ ነው የተማርኩት። ከዚያ በሩ ላይ ቁሙና አድምጡ፤ ልጁ እየሳለ ከሆነ ንገሩኝ። ሳሉ ከቆመም ንገሩኝ፤ ግን እንዴት እንደቆመ አይታችሁ ንገሩኝ።