የሰኞ አርባ ኳሶች

ቶኩጂ ሺራሃማ በሰሜን ጃፓን ባለችው ትንሽ ወደብ ለዓሣ ጀልባዎች በረዶ ሲፈጭ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረ። ጡረታ ሲወጣ ሰው ሁሉ እንግዲህ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል ብሎ ነበር። እሱ ሆዬ ሄዶ የወጣቶች ቤዝቦል ውድድር ቆጣሪ ሆነ። ደሞዝ የለው፣ ምስጋና የለው። ሥራው ወርዋሪው ልጅ ኳስ በወረወረ ቁጥር፣ በመዳፉ የያዛትን የብረት መቁጠሪያ በአውራ ጣቱ ቀጭ ማድረግ ነው። አንድ ልጅ በሰባት ቀን ውስጥ ከአምስት መቶ በላይ መወርወር አይፈቀድለትም። አምስት መቶ ሲሞላ ቆጣሪው ይነሳል፣ ልጁ ይወጣል፤ ክርክር የለም።

ለምን ይህን ሥራ እንደመረጠ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። እኔ ግን ልናገረው።

በአሥራ ሰባት ዓመቱ ቶኩጂ የሚወረወረውን ኳስ በጓንት የሚቀበል ያዥ ነበር፤ ወርዋሪው ደግሞ ጓደኛው ሚኔዮ። ያን ጊዜ ገደብ የሚባል ነገር የለም፣ ክንድ እስኪወልቅ ነው። በፍጻሜው ጨዋታ የሚኔዮ ኳስ ድምፁ ተለወጠ። ጓንት ውስጥ ሲገባ ጧ ይል የነበረው፣ እርጥብ ጨርቅ እንደወደቀ ሁሉ ዱብ ማለት ጀመረ። ይህን ከያዡ በቀር ማንም አይለየውም። ቶኩጂ ጠጋ ሲለው ሚኔዮ፣ "አፍህን ዝጋ። ለአሰልጣኙ ብትነግር አንተና እኔ አንተዋወቅም" አለው። ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሚኔዮ አርባ ኳስ ወረወረ፤ ቶኩጂ ቆጥሯቸዋል። ዋንጫውንም በሉ። ሚኔዮ ግን እስኪሞት ድረስ ሩዙን በግራ እጁ በላ።

ዘንድሮ ለፍጻሜ የደረሰው የሰፈሩ ቡድን ወርዋሪ፣ ሹንጎ፣ የሚኔዮ የልጅ ልጅ ነው። እስከ እሑድ ሦስት መቶ ሰባ አንድ ወርውሯል። ሰኞና ማክሰኞ ዕረፍት ነው፣ ረቡዕ ፍጻሜ።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከባሕሩ ጉም ገብቶ ወደቡን ዋጠው። ቶኩጂ ዓሣ ሊገዛ ሲሄድ፣ ከማዕበል መከላከያው ግንብ በኩል ኳስ ግድግዳ ሲመታ ሰማ። ዱብ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ዱብ። "ይሄ ውሪ ዕረፍቱን ሊበላው ነው" እያለ በጉሙ ውስጥ ወደ ድምፁ ተራመደ። አውራ ጣቱ ኪሱ ውስጥ ያለችውን መቁጠሪያ እንደ ልማዷ ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ግንቡ ጋ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ሰው የለም፣ ኳስም የለም። ግድግዳው ላይ ግን በደረት ቁመት ኳስ የሚያህል እርጥብ ክብ አለ። መቁጠሪያውን አውጥቶ ቢያይ አራት መቶ አሥራ አንድ ይላል። አርባ ጨምሯል።

ያቺ መቁጠሪያ ወደ ኋላ አትሄድም። ወደ ዜሮ መለሳትና ቤቱ ገብቶ እስከ ሦስት መቶ ሰባ አንድ አንድ በአንድ ተጫናት።

"ምነው፣ አበድክ እንዴ ሰውዬ?" አለችው ሚስቱ።

"ዝም በይኝ፣ ቁጥር ታስጠፊኛለሽ።"

ማክሰኞ ልጁን መንገድ ላይ ያዘው።

"ትናንት ግንቡ ላይ ወርውረሃል?"

"ኧረ ጋሼ፣ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ከፈለጉ እናቴን ይጠይቋት።"

"ክንድህስ?"

"ምንም አልሆነ። ሰው ሁሉ ክንዴን እንደ አራስ ይጠይቃል እኮ።"

ረቡዕ እነ ሹንጎ ሁለት ለአንድ እየመሩ ነው። ቶኩጂ ከመረቡ ጀርባ ከሁለተኛዋ ቆጣሪ ከእትዬ ኢዋሳ ጎን ተቀምጧል። እትዬ ኢዋሳ ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ አንድ ኳስ ተሳስተው አያውቁም፣ ይህንንም ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን የለም።

የሳምንቱ አራት መቶ ስልሳኛ ኳስ ጓንቱ ውስጥ ገባ። ዱብ።

ማንም ዞር አላለም። ያዡ ልጅ ግን ኳሷን ለአፍታ ይዞ ቆየ፣ ከዚያ ዝም ብሎ መለሳት። ቶኩጂ ያንን ዝምታ ያውቀዋል። ሕጉ ለሹንጎ ገና አርባ ኳስ ይፈቅድለታል። ልክ አርባ። ቶኩጂ ፈራ፣ ግን ተነሳ።

"አምስት መቶ" አለ። በሕይወቱ ስለ ቁጥር ሲዋሽ የመጀመሪያው ነበር።

ተመልካቹ አጉረመረመ። ዋና ዳኛው መጣ።

"ጋሽ ቶኩጂ፣ እርግጠኛ ነዎት? አሰልጣኙ የያዘው ሌላ ቁጥር ነው።"

"አምስት መቶ ነው።"

"እትዬ ኢዋሳ፣ የእርስዎስ?"

ቶኩጂ ዓይኑን ጨፈነ። አሁን ይዋረዳል፣ ልጁም ይቀጥላል። እትዬ ኢዋሳ መነጽራቸውን አስተካክለው መቁጠሪያቸውን የያዘውን መዳፋቸውን ከፈቱ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"አምስት መቶ" አሉ።

ሹንጎ ቆቡን መሬት ላይ ጥሎ፣ ቶኩጂን በጥላቻ እያየ ወጣ። ተተኪው ሁለት ነጥብ ገባበትና ተሸነፉ። ከመረቡ ጀርባ አንዱ፣ "ይሄ ሽማግሌ ዋንጫችንን በላው" አለ። ሹንጎ አግዳሚው ላይ ሆኖ የውሃ ጠርሙሱን ሊከፍት ቢታገል ቀኝ እጁ እምቢ አለው። በግራው ከፈተው። በማግስቱ ያየው ሐኪም ጅማቱ ለመበጠስ ጥቂት እንደቀረውና ካረፈ እንደሚድን ለእናቱ ነገራት።

ያን ረቡዕ ሰው ሲበተን እትዬ ኢዋሳ የቶኩጂን እጅጌ ያዙ።

"እስክትነሳ ድረስ አራት መቶ ስልሳ ነበር። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልክ ስትነሳ መቁጠሪያዬ እጄ ውስጥ ራሷን ትጫን ጀመር፣ ጣቴን ሳላንቀሳቅስ። አርባ ጊዜ። የማን ኳሶች ናቸው፣ ቶኩጂ?"

"የጓደኛዬ" አለ፤ እዚያው መረቡን ተደግፎ አለቀሰ።