ባለቤቴ የተረተረችው ስፌት

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። «ነበረች» እንድል የገፋፉኝ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም፤ ከእነርሱ መካከል ግንባር ቀደሙ እኔ ስለነበርሁ ሌሎቹን አፌን ሞልቼ መውቀስ አልችልም።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በአውቶቡስ ስምሪት ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የማሰማራው አውቶቡስ ስላጣሁ ቤተሰቤን ማሰማራት ጀመርሁ። ምሳ ጥቂት ከዘገየ የማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ፤ ልጄ ልትጠይቀን መጥታ ስትሄድ ለመነሣት የምትሰናዳበትን ጊዜ አሳስባታለሁ። ባለቤቴ ብቻ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ተሰማርታልኝ አታውቅም።

የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ ሥር ነበረች፤ በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር፣ ከእኔ ይልቅ በክብር የምትወለወል። ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ጉርድ ስትሰፋ ባለቤቴ አንድ ልማድ ነበራት። ወገቡንና ጎኑን ከጨረሰች በኋላ ጫፉን ሳትዘመዝም ግድግዳው ላይ ሰቅላ ትተወዋለች። እንዲህ ያለ ጨርቅ ሲሰቀል በራሱ ክብደት እየተለጠጠ፣ በአንዱ ጎን ብዙ በሌላው ጎን ጥቂት ይወርዳል። መውረዱን ሳይጨርስ የተዘመዘመ ጉርድ ከጊዜ በኋላ ጫፉ እንደ አህያ ጆሮ ይንጠለጠላል።

«እትዬ፣ አለቀ አይደል እንዴ? ምን ቀረው?» ይላል የቸኮለ ደንበኛ።

«መውረድ ቀረው።»

«እስከ መቼ ነው የሚወርደው?»

«እስኪበቃው።»

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሰፈሩ «ፈጥኖ ደራሽ» ያለው ሰፊ ነበር። ጧት የተቀበለውን ከሰዓት በኋላ ያስረክባል። እኔ በልቤ የእርሱ ወገን ነበርሁ። እንዲያውም አንድ ጊዜ ከባለቤቴ ተደብቄ ሱሪ አሰፋሁበት፤ ሱሪው የአውቶቡስ ደረጃ ስወጣ፣ በተሳፋሪ ሁሉ ፊት፣ ከኋላዬ ተሰናበተኝ።

እንዲህ ስንኖር አንድ ጧት ባለቤቴ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሏት። ስትሮክ ነው ተባለ። እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እጇ ግን እንደ ጨበጠ ቀረ። የሆስፒታሉ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ፣ ረጋ ያለች ወጣት፣ እጁን ደጋግማ ካየችው በኋላ፣ «ይመለሳል፤ ግን በወራት ሳይሆን በዓመታት አስቡት» አለችን።

«ስንት ዓመት?» አልሁ። «መነሻውንና መድረሻውን ብትነግሪኝ ፕሮግራም አወጣለሁ።»

«ጋሼ፣ ፕሮግራሙን የሚያወጣው እጁ ነው።»

ምክሯን ሰማሁና ቤት ስደርስ ፕሮግራም አወጣሁ። ጧት ኳስ መጭመቅ፣ ቀጥሎ ጣት መዘርጋት፣ ከዚያ ዕረፍት፣ እንደገና ኳስ። ግድግዳው ላይ ለጥፌ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ብቅ እል ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ «ጣቶቼ ተሳፋሪ መሰሉህ እንዴ? ሲሞሉ ልትነዳቸው ነው?»

ወረቀቱን ራሴ አነሣሁት።

ወሬውን የሰማው ፈጥኖ ደራሽ መኪናዋን ልግዛ ብሎ ላከ። ልጃችን ሐሳቡን ደገፈች። «እማዬ፣ ዕድሜ ልክሽን ደከምሽ። ባየሻት ቁጥር ከምታዝኚ ይውሰዳትና ዕረፊ።» እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ፤ አንገት መነቅነቅ ምንም አይጠይቅም።

ባለቤቴ ግን «ለአንቺ አንድ ጉርድ እሰፋለሁ» አለቻት። «ክረምቱ ሲወጣ ካለቀ መኪናዬ አትነካም። ካላለቀ ይምጣና ይውሰዳት፤ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

በግራ እጇ ጀመረች። ለቀኝ እጅ የተሠራው መቀስ ጨርቁን እያኘከ አስቸገራት። እኔ ጨርቅ ያዥ ሆኜ ተቀጠርሁ፤ «አትጎትት» እና «አሁን ልቀቅ» ከሚሉት በስተቀር ትእዛዝ አልነበረኝም። ወገቡና ጎኑ ከብዙ ልፋት በኋላ አለቀ፤ ጉርዱም እንደ ልማዱ ግድግዳው ላይ ወጣ።

ወጥቶም ቀረ። እርሷ ከሥሩ ተቀምጣ በአሮጌ ቁራጭ ጨርቅ ላይ በግራ እጇ መርፌ ትወጋለች፣ ትነቅላለች፤ ትወጋለች፣ ትነቅላለች። ዝናቡ እየሣሣ መጣ። ጉርዱን አየሁ፣ ቁራጩን ጨርቅ አየሁ፣ ሰማዩን አየሁ፤ ተስፋ ቆርጣለች ብዬ ደመደምሁ። ያን ጊዜ መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ስትነሣ የባለቤቴን ፊት በሐሳቤ አየሁት፤ አንገቴን በመነቅነቄም አዘንሁ።

እኅቷ ወደ ሆስፒታል ይዛት በሄደችበት ቀን ጉርዱን ከግድግዳ አወረድሁ። መርፌ ላይ ክር ማስገባቱ ብቻ አንድ አውቶቡስ ደርሶ መልስ የሚጨርስበትን ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ጫፉን አጥፌ ዘመዘምሁት። ስፌቴ አንዳንድ ቦታ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተጠጋጋ፤ አንዳንድ ቦታ እንደ ገጠር ፌርማታ ተራራቀ። ክሩ እንዳይፈታ በየመንገዱ ቋጠርሁት፤ ጣቴንም ከጨርቁ ጋር ሁለት ጊዜ ሰፋሁት፤ ስጨርስ ጉርዱን እንደነበረ መልሼ ሰቀልሁት። ዕቅዴ እርሷ ራሷ ሰፍታው የረሳችው እንዲመስላት ነበር። ይህን ዕቅድ ያወጣው በመቶ የሚቆጠሩ ሾፌሮችን ሲያስተዳድር የኖረ ሰው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ተመልሳ ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ግድግዳው ፊት ቆመች።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«አንቺ ነሻ! ትናንት... ወይም ከትናንት በስቲያ።»

«እኔ?»

«ረስተሽው ነው።»

ጫፉን ገልበጥ አድርጋ መረመረችው። «ይህን የሰፋሁት እኔ ከሆንኩ፣ የታመመው እጄ ሳይሆን ጭንቅላቴ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። እርሷ ግን አልሳቀችም፤ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ለምን ነካኸው? ገና ወርዶ አልጨረሰም ነበር።»

«የተውሽው መስሎኝ ነው።»

«እሱ እስኪወርድ እኔ ግራ እጄን ሳስተምር ነበር።»

«መኪናዋ እንድትቀርልሽ ብዬ ነው እኮ።»

«የአንተ ስፌት ያስቀረልኝን መኪና ምን ላደርግባት? አንተ ልትሰፋባት ነው?»

በማግስቱ መተርተር ጀመረች። ልተርትረው ብላት፣ «አንተ እጅህን ኪስህ ውስጥ አድርግ» አለችኝ። ጨርቁ እንዳይንሸራተት የተጨበጠውን ቀኝ እጇን እንደ ድንጋይ ትጭንበታለች፤ በግራዋ የቋጠርሁትን ቋጠሮ አንድ በአንድ ትፈታለች። ያን ያህል ቋጠሮ መቋጠሬን አላውቅም ነበር። በብዙ ሥራዬ እንዲህ ያለ ጥንካሬ አሳይቼ ቢሆን ኖሮ ሐውልት ይቆምልኝ ነበር።

ክረምቱ ወጣ። ፈጥኖ ደራሽ ጋሪ ከነሠራተኛው ይዞ ደረሰ፤ ልጃችንም መጣች። ባለቤቴ ገና እየተረተረች ነበር።

«እትዬ፣ ጉርዱ አለቀ?»

«አላለቀም። ይኸው መኪናዋ፤ ቃሌ ቃል ነው።»

«ያዘገየኋት እኔ ነኝ!» አልሁ። «እኔ ባልነካው ኖሮ ይደርስ ነበር!»

ፈጥኖ ደራሽ እጇ ላይ ወዳለው ጉርድ ጎንበስ ብሎ የቀረውን ስፌቴን አየና፣ «ይህ ስፌት ነው ወይስ የተሰፋ ቁስል?» አለ። ከዚያ ድንገት ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ፣ ቆይ... እትዬ፣ እስቲ ያንን ክር እንደገና ሳቢው።»

ሳበችው። ጨርቁ ተከትሎ ሊመጣ ሲል የቀኝ እጇ አውራ ጣት ከጠቋሚው ጋር ተጋጥሞ ጨርቁን ያዘው። ጥቂት ነው፤ ግን ያዘው። ያ እጅ ድንጋይ መሆኑን ትቶ እጅ የሆነበትን ቀን ማናችንም አላየንም፤ ባለቤቴም ራሷ አላየችውም። ጣቷን እንደ ሰው ንብረት ትክ ብላ አየችው።

ልጃችን ከእናቷ አጠገብ ተንበረከከች። «እማዬ፣ ጉርዱ የእኔ ነው አይደል?»

«ያንቺ ነው።»

«እንግዲያው የምፈልግበትን ቀን የምወስነው እኔ ነኝ። አልቸኮልኩም።»

«ክረምቱ ሲወጣ ብያለሁ እኮ።»

«የትኛው ክረምት እንደሆነ አልተናገርሽም።»

«እኔስ?» አለ ፈጥኖ ደራሽ፤ «ጋሪው እኮ ውጭ ቆሟል!»

«አንተማ ከመኪናዋ ጋር አትስማማም» አለችው ባለቤቴ። «እሷ መሮጥ አትወድም።»

እየሳቀ ባዶ ጋሪውን አስገፍቶ ሄደ።

ጉርዱ ተተርትሮ አለቀ፤ ተተኮሰ፤ እንደገና ግድግዳው ላይ ወጣ። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ማለፍን ለመድሁ። ባለቤቴ በግራ እጇ እየሰፋች፣ በቀኟ እየያዘች የዘመዘመችው ቀጣዩ ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ልጃችን ለብሳው ክፍሉ መካከል ዞረች፤ ጫፉ ዙሪያውን ከወለሉ እኩል ይርቅ ነበር። በአንድ በኩል ግን የእኔ መርፌ የወጋቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሰልፈው ይታያሉ።

«ይህስ?» አልሁ ጎንበስ ብዬ።

«ሲታጠብ ይጠፋል» አለች ባለቤቴ፤ የሚቀጥለውን ጨርቅ ዘርግታ ነበር።

«በስንተኛው እጥበት?»

«ይጠፋል አልኩህ። ና፣ ይህን ጫፍ ያዝ። አትጎትት።»