ለጉበቷ የምትሄደው ደብሪቱ

መርሳ ላይ ቅቤ ነጋዴ ቀጭን ከሆነች ቅቤዋ ይታማል። ቅቤ ነጋዴዋን ደብሪቱን ግን ማንም አምቷት አያውቅም፤ ውፍረቷ ራሱ ገበያ ይጠራላት ነበር። ስለዚህ ደሴ ያለው ሐኪም ቀኝ ጎኗን ተጭኖ «ጉበትዎ ጮማ ለብሶ አብጧል» ሲላት ክፉኛ ተቆጣች።

«ጠላ እንኳ በአፌ ዞሮ አያውቅም!»

«ያለ መጠጥም ይመጣል። ቅቤና ስኳር ይቀንሱ፤ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ። አሁን ከጀመሩ ይድናል፤ ከቆየ ግን ጉበቱ ይደርቅና መመለሻ የለውም።»

ደብሪቱ መሞት አልፈለገችም። የምትሸጠውን ቅቤ መቅመሷን ትታ በማሽተት ብቻ መለየት ጀመረች። በፍስኩም ቀን ሽሮና ጎመኗን በላች፤ ጎረቤቱ «የማይፈታ ጾም ያዘች» ብሎ ሳቀባት። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ከከተማው ወጥታ በውርጌሳ መንገድ ርቃ ሄዳ ላብ በላብ ሆና ትመለሳለች።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ተራራው ሁሉ ወንበዴ አለበት ተብሎ ተጠርጥሯል። ለገበያ ሳይሆን፣ ለለቅሶ ሳይሆን ከከተማ ወጥቶ የሚመለስ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? የቀበሌው ሊቀመንበር ፈንታው አስጠራት።

«መልእክት የሚያደርሱት ለማን ነው?»

«እኔ የምሄደው ለጉበቴ ነው።»

«አይቀልዱ! ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም።»

እህቷ የሺ «ዘንቢል ያዢና ገበያ ነው በያቸው» ብላ ለመነቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ይይዝ ነበር። ደብሪቱ ግን አሻፈረኝ አለች። ምን ሰርቃ ነው የምትዋሸው? ጉበቱም የራሷ፣ እግሩም የራሷ!

ፈንታው ከከተማ እንዳትወጣ ከለከላት። በማግስቱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድረስ መጣችና አጥሩን ትዞር ጀመር። ፈንታው ተናዶ ደሳለኝ የሚባለውን ጥበቃ ጠመንጃ አሸክሞ አስከተላት። ሰውየው ከኋላዋ እያለከለከ «ኧረ ትንሽ ይረፉ!» ሲል፣ እሷ ዞር ብላም አታየው። በጋው አልፎ ክረምት ገባ፤ በጭቃውም ዞረች። ቀሚሷ ሰፋት።

ደሴ ተመልሳ ስትሄድ ሐኪሙ ጎኗን ተጭኖ ፈገግ አለ፤ እብጠቱ ወርዷል። ወሬው ፈንታው ዘንድ ደረሰ።

«እንግዲህ ድነዋል፤ መዞሩ ይብቃ» አላት እፎይ ብሎ።

«ካቆምኩማ ይመለሳል።»

ባዶ እጇን እያወዛወዘች በውርጌሳ መንገድ ወጣች።

«ደሳለኝ! ያዛት እንጂ!» ፈንታው ጮኸ።

ደሳለኝ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ መቼ ደርሼባቸው አውቃለሁ?»